የዓሣ ማጥመጃ ትል ቤት ውስጥ ሲሞት፦ ምልክቱ፣ መንሥኤውና መፍትሔው

ቅዳሜ ማለዳ ዓሣ ለማጥመድ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ሊወርድ ያሰበ ሰው ዐርብ ማታ የትሉን ዕቃ ሲከፍት ክፉ ሽታ ቢቀበለው፣ ችግሩ የዚያን ዕለት የተፈጠረ አይደለም። ቀናት አስቆጥሯል፤ ምልክትም ሲሰጥ ሰንብቷል። ምልክቱን ማንበብ የሚችል ሰው ትሉን ለሳምንታት በሕይወት ያቆያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መንጠቆ ላይ የሚንቀሳቀስ ትልና ለስልሶ የተንጠለጠለ ትል ለቆሮሶም ሆነ ለቢልጫ ዓሣ እኩል አይደሉም።

እዚህ ጅማ ብዙ ሰው ትሉ ሲዳከምበት የራበው ይመስለውና ምግብ ይጨምርለታል። በእኔ እምነት ቤት ውስጥ ከሚሞተው ትል አብዛኛው የሚያልቀው በዚሁ ርኅራኄ ነው። የምድር ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ቆዳው ከደረቀ ይታፈናል፤ ውኃ በተኛበትና አየር ባለቀበት አፈር ውስጥም ይታፈናል። ረሃብን ግን ረጅም ጊዜ ይችለዋል።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመጨመራችሁ በፊት እጃችሁን ዕቃው ውስጥ አስገቡ። አንድ ጭብጥ አፈር አንሥታችሁ ጨምቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው፣ ውኃው በጣቶቻችሁ መካከል ከወረደ በዝቷል፣ ጭብጡ ሲከፈት ከተፈረፈረ ደርቋል። መካከሉ ከእጃችሁ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ቀጥሎ አሽትቱት፤ ጤነኛ አፈር ዝናብ ከጣለ በኋላ እንደሚሸተው ይሸታል። እርጥበት፣ ሙቀት፣ አየር፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከሦስቱ ይመነጫል።

ትሉ ሌሊት ሌሊት እየወጣ ወለል ላይ ይገኛል

አዲስ የገባ ትል ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች መንከራተቱ የተለመደ ነው። ትል ብርሃን ስለሚሸሽ ዕቃው አጠገብ ትንሽ መብራት አብርቶ ማደር ወደ አፈሩ እንዲመለስ ያደርገዋል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ዕቃውን ቀዳዳው በጠበበ ጨርቅ ሸፍናችሁ በገመድ እሰሩት። ፌስታል ወይም የማይተነፍስ ክዳን አትጠቀሙ።

የቆየ ትል በድንገት መውጣት ከጀመረ ግን አፈሩ ተበላሽቶበታል ማለት ነው። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዋናው ምክንያት ውኃ ነው። የጅማ ዝናብ ዕቃው ላይ በቀጥታ ባይወርድ እንኳ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን አፈሩ አይደርቅም፤ በበጋ በየሁለት ቀኑ ውኃ ይረጭ የነበረ እጅ በክረምትም ያንኑ ከቀጠለ ትሉን ያሰጥማል። ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው የላይኛው አፈር ልክ መስሎ የታችኛው ጭቃ ይሆናል። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጣችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ከሥሩ አምስት ስድስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብሱ፤ ውኃው እንዲወርድም ከታች ሁለት ጣውላ አድርጉ። ለተበላሸው መድኃኒቱ ደረቅ ካርቶን ነው፦ ቀለም የሌለበትን ካርቶን በጣት ስፋት ቀዳዶ ከአፈሩ ጋር ማገላበጥ። ካርቶኑ ውኃውን ይመጥጣል፣ የአየር መንገድም ይከፍታል።

እርጥበቱ ልክ ሆኖ ሳለ ከወጣ ደግሞ አፈሩ ኮምጥጦ ሊሆን ይችላል። የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር ከተፈጥሮውም ወደ ኮምጣጣነት ያደላል፣ ሸክላማ ስለሆነም ሲረጥብ ተጣብቆ አየር አያሳልፍም። ትሉን ከሙዝ ወይም ከእንሰት ሥር፣ ከቡና ጥላ ሥር ካለው ጥቁር አፈር ቆፍራችሁ ካወጣችሁት ያንኑ አፈር አብራችሁ አምጡ፤ ግቢ ውስጥ ያለው ቀይ አፈር አይተካውም። ለኮምጣጣው አፈር የእንቁላል ቅርፊት አድርቆ ማድቀቅና አንድ እፍኝ መነስነስ በቂ ነው። አመድ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ አመድ ግን ኃይለኛ ነው፣ የትሉን ቆዳ ያቃጥላል። ከዕቃው ውጭ ይቅር።

መካከሉ ይሞቃል፣ ትሉም ወደ ጠርዝ ይሸሻል

ይህ ከሌላው ከተማ ይልቅ የጅማ ችግር ነው፤ ምክንያቱም የቡና ገለባ በነፃ ይገኛል። ገለባው መሬት ላይ ሲታይ ቀላል፣ ለስላሳና እርጥበት የሚይዝ ስለሆነ ለትል የተፈጠረ ይመስላል። ትኩሱ ገለባ ግን ሲረጥብና ሲከመር ይብላላል፤ ሲብላላም ይግላል። ትልቅ ክምር ሲሆን ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ እጅ እንኳ ውስጡ አይቆይም። ለማጥመጃ የሚያዘው ትል የሚመቸው በ15 እና በ25 ዲግሪ መካከል ነው፤ ከ30 ሲያልፍ መሸሽ ይጀምራል፣ መሸሻ ካጣ ይሞታል። ከታጠበ ቡና የሚወጣው ትኩስ ልጣጭ ደግሞ በላዩ ላይ ይኮመጥጣል።

ገለባውን ተዉት አልልም። ጥሩ ነገር ነው፤ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ከዝናብ በተከለለ ቦታ አርጥባችሁ፣ እያገላበጣችሁ፣ ጥቁር ቡናማ እስኪሆንና መሞቁን እስኪያቆም ለወራት አቆዩት። የፈተናው መንገድ ቀላል ነው፦ አንድ ጆንያ ሙሉ አርጥባችሁ አሳድሩት፤ በሁለተኛው ቀን መካከሉ ካልሞቀ ደርሷል። ትኩሱን አስገብታችሁ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አታባክኑ፤ ሁሉንም ሰፊ ሳፋ ላይ ዘርግታችሁ ትሉን ልቀሙና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ አስገቡት። ውኃ ደፍቶ ለማብረድ መሞከር መብላላቱን ያባብሰዋል።

ትኩስ የላም እበትም እንዲሁ ይሞቃል፣ ሽንት ከተቀላቀለበትም ትሉን ይገድላል። ከርሞ የደረቀውን ውሰዱ።

ገለባ ሳይኖርም ዕቃው ሊሞቅ ይችላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም በየካቲትና በመጋቢት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ጓዳ ከሰዓት በኋላ ለሰውም ይከብዳል። ዕቃውን ከመደርደሪያ አውርዱና በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ሥር፣ ወለሉ ላይ አድርጉት። ከሁሉም የምመርጠው አሮጌ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ውኃ ቀስ እያለ በገላው ስለሚተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። የተሰነጠቀው እንኳ ያገለግላል።

ዕቃው ይሸታል

የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ አየር አልቋል ማለት ነው። ጠንከር ያለና ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ የምግብ ብዛት ወይም የሞተ ትል ምልክት ነው። የሞተ ትል ፈጥኖ ይሟሟል፤ ከእሱ የሚወጣው መርዝ አጠገቡ ያለውን ያዳክማል፣ እንዲህ እያለ በሁለት ሦስት ቀን ዕቃው ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ በየጊዜው ገለጥ አድርጋችሁ የማይንቀሳቀሰውን አውጡ። የተረፈውን ምግብ ሁሉ አንሡ፣ ካርቶን ጨምሩ፣ ለአንድ ሳምንት ምንም አታብሉት። በግማሽ ጀሪካን ውስጥ ከመቶ በላይ ትል ማጨናነቅም አያስፈልግም፤ ለመንጠቆ ያ ከበቂ በላይ ነው።

ምግብ ሲጀመር ትንሽ የሙዝ ልጣጭ፣ የፓፓያ ወይም የአቮካዶ ቁራጭ ከአፈሩ ሥር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቅበሩ፤ ዝንብ አይመጣም። የፊተኛው ሳያልቅ ሌላ አትጨምሩ። እንጀራ አይሆንም፦ ኮምጣጣ ነው፣ ሲረጥብም ይላቆጣል። ወጥ ደግሞ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ስላለበት በፍጹም አይገባም።

ትሉ እዚህም እዚያም ያበጠና የተቋጠረ ነው

ገላው እንደ ዶቃ ተሰክቶ የሚታይ ትል ያበጠው ከጥጋብ ነው ማለት ይቻላል። ሽሮ፣ ዱቄት፣ ፋጉሎ፣ የመሳሰለውን ጠንካራ ምግብ በብዛት ሲያገኝ ሆዱ ውስጥ ይብላላበትና ይቋጠራል። የተቋጠረው አይድንም፤ አውጡት። ቀሪውን ወደ አዲስ አፈርና ካርቶን አዛውሩ፣ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ።

ትላንት ደህና የነበረው ሁሉ በአንድ ሌሊት ሞተ

እንዲህ ያለ ሞት የመርዝ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን የገባ ነገር አስታውሱ። ጅማ ላይ አራት ነገሮችን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

አንደኛው የቡና አተላ ነው። አተላ በራሱ ለትል ተስማሚ ነው፤ ከበረካ በኋላ ቀዝቅዞ በስሱ ቢበተን ይወደዋል። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። ጨው ከትሉ ገላ ውኃ መጦ ያወጣል። ጎረቤት የሰጠችሁን አተላ ከመጨመራችሁ በፊት ጨው ነበረበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ገራባ ነው። የጫት ቅጠልና እንጨት እንደማንኛውም ቅጠል ይበሰብሳል ተብሎ ይጣላል፤ ጫት ላይ ግን ፀረ ተባይ ስለሚረጭ ለትል አደገኛ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልም በዘይቱ ምክንያት አይስማማውም። ሦስተኛው አፈሩ የተቆፈረበት ቦታ ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲሄድ የብዙ ቤትና የብዙ ጋራዥ ፍሳሽ ይቀበላል፤ የዳርቻው አፈር ለስላሳና ትል የበዛበት ቢመስልም ዘይትና ሳሙና ያለበትን ወደ ቤት አታምጡ። አራተኛው ውኃው ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ከሸተተው በሰፊ ዕቃ ክፍቱን አሳድሩት። የዝናብ ውኃ ይሻላል፤ ሆኖም ከአዲስ ቆርቆሮ የሚወርደውን የመጀመሪያ ዝናብ አሳልፉት።

ጉንዳን ገባበት

ጥቁሩ ትንሽ ጉንዳን የሚገባው አፈሩ ሲደርቅ ነው፤ ውኃ ርጩበት። ገብረ ጉንዳን ግን እርጥበት አያግደውም፣ በአንድ ሌሊት ዕቃውን ባዶ ያደርጋል። ዕቃውን አራት እግር ባለው ነገር ላይ አውጡና እያንዳንዱን እግር ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ። ክፍሉ ውስጥ ፀረ ተባይ መንፋት ጉንዳኑን ብቻ ሳይሆን ትሉንም ይጨርሰዋል።

ቤት ደህና የነበረው መንገድ ላይ ይለሰልሳል

ከጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ የምትወስዱትን ያህል ለዩና እርጥብ ካርቶን ብቻ ባለበት ዕቃ አስቀምጡ፤ ሆዱ ይጸዳል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ መንጠቆ ላይም አይቆረጥም። ሲጓዝ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ፣ በላዩ ደግሞ በኮባ መጠቅለል ከፕላስቲክ ዕቃ ይበልጣል። በሚኒባስ ስትሄዱ ሞተሩ አጠገብም ሆነ ጣሪያ ላይ አትጫኑት፤ ጉልበታችሁ ላይ ያዙት። ሐይቁ ዳር ከደረሳችሁ በኋላ ጥላ ካጣችሁ ጥቅሉን አፈር ውስጥ ቅበሩና የምትፈልጉትን ብቻ እያወጣችሁ ተጠቀሙ።

በትል ፋንታ ትንንሽ ዓሣ ለያዛችሁ

ጠዋት ላይ ከውኃው አናት አፋቸውን ከፍተው ካገኛችኋቸው አየር አጥሯቸዋል። ጥልቅ ባልዲ ሳይሆን ሰፊ ሳፋ ተጠቀሙ፣ ቁጥራቸውን ቀንሱ፣ ከውኃው ሲሶውን ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነና ባደረ ውኃ ቀይሩ። ለጊዜው በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስም አየር ያስገባል። አታብሏቸው፤ ውኃውን የሚያበላሸው ምግቡ ነው። ክንፋቸው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ከታየ በደረቅ እጅ ተይዘው ቆዳቸው ተልጧል። በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ግራም ያህል ጨው ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዟቸው።

የተረፉትን ካመጣችሁበት ውኃ በቀር ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ አትልቀቁ፤ ባልዲውንም እዚያ አታፍስሱ። በሽታም ሆነ ለቦታው እንግዳ የሆነ ዝርያ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላም የሚያወጣው የለም።