ከካርድ ክፍል እስከ ሻንጣ፦ የሕክምና ማስረጃ ስንጠይቅና ስናጋራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንድሜ ከሜሪላንድ የደወለልኝ ማታ ነበር። ባለቤቱ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛ ክትትል ጀምራለች። የመጀመሪያው ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ በኦፕራሲዮን ነው የተወለደው። «ሐኪሟ የዚያን ጊዜውን ማስረጃ አምጡ ብላናለች፤ እባክህ ነገ ሄደህ ጠይቅልን» አለኝ። ቀላል መስሎኝ ሄድኩ። ያቺን አንድ ገጽ ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀብን፤ አብዛኛው ጊዜ የባከነውም በራሳችን ስህተት ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴንና ዘመዶቼን ወደ ሐኪም ቤት ሳመላልስ ተመሳሳይ ስህተቶች ሲደጋገሙ አይቻለሁ። ዋጋቸው ደግሞ ከባድ ነው፤ ሰው ሁለተኛ ደም ይቀዳል፣ ሁለተኛ ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ሕክምናውም ይዘገያል።

«ማስረጃ ስጡኝ» ብሎ ብቻ መጠየቅ

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነበር። «የሕክምና ማስረጃ ፈልጌ ነው» አልኩ፤ ከቀናት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። ወይዘሮዋ በተጠቀሰው ቀን በሆስፒታሉ በቀዶ ሕክምና መውለዳቸውን ይመሰክራል። ፎቶ አንስቼ ላክሁት። የሐኪሟ መልስ አጭር ነበር፦ ይህንን እናውቃለን፤ እኔ የምፈልገው ማህፀኗ በየት በኩል እንደተቆረጠ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማህፀን በታችኛው ክፍሉ አግድም ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ቀጣዩን ልጅ በምጥ ለመውለድ መሞከር ይቻላል። ከላይ ወደ ታች ከተቆረጠ ግን በምጥ ወቅት የመተርተር አደጋው ከፍ ስለሚል፣ ሐኪሞች ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ማድረግን ይመርጣሉ። ሆድ ላይ ያለው ጠባሳ ይህን አይነግራቸውም፤ ቆዳው አግድም ተቆርጦ ማህፀኑ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። የሚነግራቸው ቀዶ ሐኪሙ በዕለቱ የጻፈው የኦፕራሲዮን ማስታወሻ ብቻ ነው። ያ ማስታወሻ ካርዱ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ስሙን ጠርቼ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ወደ መስኮቱ ከመጠጋትዎ በፊት ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግዎ ይወስኑ። ለመሥሪያ ቤት የሕመም ፈቃድ ከሆነ የሐኪም ምስክር ወረቀት ይበቃል። ለሌላ ሐኪም ከሆነ ግን ያ ወረቀት ምንም አይጠቅምም። ተኝተው ከታከሙ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚዘጋጀውን ማጠቃለያ ይጠይቁ፤ ሕመሙ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተደረገ፣ የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደታዘዘ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ኦፕራሲዮን ከተደረጉ የኦፕራሲዮን ማስታወሻውን፣ ናሙና ከተወሰደ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱን ለይተው ይጠይቁ። ለውጭ አገር ሕክምና የሚጠየቀው የሜዲካል ቦርድ ወረቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ የሐኪሞች ቦርድ ተሰብስቦ የሚፈርምበት ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ ቪዛ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ የሚጀመር ጉዳይ አይደለም።

ዋናው ካርድ ከጤና ተቋሙ እንደማይወጣ ይታወቅ። የሚሰጥዎት ቅጂ ወይም የተፈረመበት ማጠቃለያ ነው። ቅጂውን ሲጠይቁ ግን ውለታ እየለመኑ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል፤ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለውም ደንግጓል።

ሌላ ሰውን ባዶ እጁን መላክ

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ «አንተ ማን ነህ?» አለችኝ። የባሏ ወንድም ነኝ አልኳት። «ታዲያ የእሷን ምስጢር ለአንተ በምን ልስጥህ?» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ቤት ስደርስ ግን ልክ መሆኗን ተቀበልኩ። የእኔን እህት ካርድ ማንም «ዘመድ ነኝ» ባይ መጥቶ ቢወስደው ደስ ይለኝ ነበር?

መጀመሪያ ስልክ ደውለው ወይም ሄደው ተቋሙ ምን እንደሚቀበል ይጠይቁ። አንዳንዱ ታካሚው የፈረመበት ደብዳቤና የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ቅጂ ይበቃዋል። አንዳንዱ ሕጋዊ ውክልና ይጠይቃል፤ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ ይህንን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ስለሚያደርገው ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። በደብዳቤው ላይ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥር፣ የታከሙበት ወርና ዓመት፣ የሚፈለገው ወረቀት ስም ይግባበት። የወንድሜ ሚስት ይህንን ጽፋ ፈርማ ስትልክ ማስታወሻው በሦስተኛው ቀን ተገለበጠልኝ።

ትንሿን ካርድ ጥሎ አዲስ ማውጣት

ካርድ ሲያወጡ የምትሰጥዎ ትንሽ ወረቀት፣ ስምና ቁጥር የተጻፈባት፣ ከሁሉም ወረቀት የምትቀልና በቀላሉ የምትጠፋ ናት። ስትጠፋ ብዙ ሰው «አዲስ አውጡልኝ» ይላል፤ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ሰልፉም ያው ነው። ዋጋው የሚታየው ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ነው። ባዶ ካርድ ይዞ ያይዎታል። የዛሬ ሁለት ዓመት የተለካው የደም ግፊት፣ ያልተስማማዎት መድኃኒት፣ የኩላሊት ምርመራው ሁሉ በሌላ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ትንሿ ካርድ ከጠፋች በስም እንዲፈለግ ይጠይቁ፤ የአባትና የአያት ስም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡበት ጊዜ ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ መመዝገብ ነው።

ጽሑፉን ይዞ ምስሉን መተው

የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ውጤት ሁለት ነገር ነው፦ ባለሙያው ያነበበበት ጽሑፍና ምስሉ ራሱ። ሌላ ሆስፒታል ያለ ስፔሻሊስት ምስሉን በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል። ሲዲውን ይጠይቁ፤ ተቀብለው ከመውጣትዎ በፊትም በማንኛውም ኮምፒውተር መከፈቱን ያረጋግጡ። የራጅ ፊልምን አምፖል ላይ ደቅኖ በስልክ ማንሳት ለቤተሰብ ያሳያል እንጂ ሐኪም ሊወስንበት የሚችል ነገር አይደለም።

ለዕጢ ናሙና የተወሰደለት ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ናሙናው በሰም ውስጥ ተደርጎ ብሎክ የሚባል ቁራጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከእሱ የተቆረጠው ስስ ሽፋንም በመስታወት ላይ ይኖራል። ሌላ ፓቶሎጂስት ዳግመኛ እንዲያየው ወይም ተጨማሪ ምርመራ እንዲሠራ ከተፈለገ እነዚህን መጠየቅ ይቻላል። ይህንን ሳያውቁ ውጭ አገር ሄደው ለሁለተኛ ጊዜ የተቆረጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

የአልትራሳውንድና የልብ ምት ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ላይ ነው። እናቴ የሕክምና ወረቀቶቿን ሁሉ በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ታስቀምጥ ነበር። የሦስት ዓመት የልብ ምርመራዋን ለአዲሱ ሐኪም ለማሳየት ፌስታሉን ስንፈታው ወረቀቱ ነጭ ሆኗል። ጠርዙ ላይ ግራጫ ጥላ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው፣ ገለበጠው፣ መልሶ ሰጣት። እንዲህ ያለውን ወረቀት በተቀበሉበት ቀን ፎቶ አንሱት ወይም ቅጂ አስደርጉት።

ቀኑን ሳያብራሩ ወደ ውጭ መላክ

ይህ የእኛ የብቻችን ችግር ስለሆነ ሌላ ማንም አያስጠነቅቀንም። አንድ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒቱን በ12/5/2012 ጨረሰ እንበል። ለእኛ ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዲሴምበር 5 ቀን 2012 ብሎ ያነበዋል፤ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያለው ሜይ 12 ቀን 2012 ይለዋል። ትክክለኛው ቀን በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2020 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት! በፈረንጁ 2020 መድኃኒት የጨረሰ ሰው በ2012 የታከመ ይመስላል፤ አዲሱ የራጅ ውጤትም በተሳሳተ ግምት ይነበባል።

ወረቀቱ ሲጻፍልዎ ከቀኑ ጎን የፈረንጁ አቆጣጠር እንዲጨመር፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ራስዎ በእስክሪብቶ አይጨምሩ፤ የተነካካ ወረቀት ያስጠረጥራል። ስምም እንዲሁ ነው። የላቲን ፊደል አጻጻፉ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። የአያት ስም አንዱ ጋ ተጽፎ ሌላው ጋ ሲቀር የውጭ ሆስፒታል ኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይመዘግባል፤ የሕክምና ታሪክዎም ለሁለት ይከፈላል።

አሜሪካ ውስጥ «አይሰጡኝም» ብሎ መቅረት

እዚያ ያሉ ዘመዶቼ «የሆስፒታሉን ዕዳ ስላልጨረስኩ ማስረጃ መጠየቅ ያሳፍረኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ ሕግና ደንቦቹ ይህንን አስቀድመው መልሰውታል። ያልተከፈለ የሕክምና ዕዳ ስላለ ተቋሙ የራስዎን መረጃ ሊከለክልዎ አይችልም። ለጥያቄዎ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቆ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል። የሚያስከፍለው ከመገልበጥና ከመላክ ወጪ ጋር የተያያዘ ተመጣጣኝ ዋጋ ነው፤ ማኅደሩን ለመፈለግ ብሎ አያስከፍልም። ከተከለከሉ ለፌዴራሉ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት ይባላል።

ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ውጤቱን በስልክ መተግበሪያ ያሳያሉ፤ ማይቻርት የታወቀው ነው። እዚህ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት እናት የይለፍ ቃሏን ለልጇ መስጠቷ ነው። ልጁ ቅን ነው፣ እንግሊዝኛም ያውቃል፤ ነገር ግን እናቲቱ ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ ያነባል። ከዚህ ይልቅ ሆስፒታሉ ለቤተሰብ አባል በራሱ ስም መግቢያ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል፤ አስተርጓሚ ካስፈለገም አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ያለክፍያ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ ደግሞ የብዙ ምርመራ ውጤት ሐኪሙ ከመደወሉ በፊት ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከባድ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ማታ ብቻውን ከመክፈቱ በፊት ያስብበት። ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ወላጅ መግቢያው ይዘጋበታል፤ ከዚያ በኋላ ፈቃዱ የልጁ ነው።

ውጤትን ቴሌግራም ላይ መበተን

ጨንቆን እናደርገዋለን፤ አውቃለሁ። የላቦራቶሪ ወረቀቱን ፎቶ አንስተን ብዙ ሺህ ሰው ወዳለበት ቡድን «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለን እንልካለን። ስሙም፣ ዕድሜውም፣ የካርድ ቁጥሩም አብሮ ይታያል። የኤችአይቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ውጤት ያለበት ወረቀት አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ጎረቤት ያየዋል፣ አሠሪ ያየዋል።

ለሕክምና እርዳታ ለማሰባሰብ የሚወጣው የሜዲካል ቦርድ ወረቀት ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ሕዝብ እንዲያምን ማሳየት ግድ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የመታወቂያ ቁጥሩንና የካርድ ቁጥሩን ይሸፍኑ፤ በምስሉ ላይ የትክክለኛውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በትልቁ ያትሙበት። ካልሆነ ሌላ ሰው ያንኑ ወረቀት አንስቶ በራሱ ሒሳብ ቁጥር ሊለምንበት ይችላል።

አዲሱን ሐኪም ለመፈተን የቀድሞውን ውጤት መደበቅ

«እስቲ እሱ ራሱ ያግኘው» እንላለን። ሐኪም ጠንቋይ አይደለም። የቀድሞው ውጤት ካልቀረበለት ምርመራውን ከዜሮ ይጀምራል፤ ክፍያው የእርስዎ ነው። ሁለተኛ አስተያየት ሲፈልጉ «ሌላ ሐኪም እንዲህ ብሎኛል፤ የእርስዎን ሐሳብ መስማት ፈልጌ ነው» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

የተሳሳተውን አይታረምም ብሎ መተው

ባለፈው ዓመት እናቴ ለክትትል ስትሄድ ሐኪሙ «ስኳርዎ እንዴት ነው?» አላት። ስኳር የላትም። ካርዱን አብረን ስናገላብጥ መሃል ላይ የሌላ ሴት የላቦራቶሪ ወረቀት ተያይዞ አገኘን፤ ስም ከነአባት አንድ ነው፣ አያቱ ብቻ ይለያል። እናቴ «ተወው፣ ሥራ አናብዛባቸው» ብላ በእጇ ጠቀሰችኝ። እኔ ግን አልተውኩም። ከሐኪሙ ጋር ሆነን ዕድሜውን፣ አያቱን፣ ቁጥሩን አስተያየን። ካርዱ ላይ የተጻፈውን «የስኳር ታካሚ» የሚል ቃል በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ ቀኑን ጻፈና ፈረመ። ወረቀቱን ነቅሎ ወደ ካርድ ክፍል ሲልክ «ይቺ ሴትዮ ውጤቷን እየፈለገች ይሆናል» አለ።