የእንጨት ቼዝ ገልብጦ ማየት፦ ከጅማ ለጀማሪ ሰብሳቢዎች

ጅማ ውስጥ በርጩማ ሊገዛ የሄደ አዋቂ ሰው መጀመሪያ አይቀመጥበትም፤ ይገለብጠዋል። እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ መሆናቸውን፣ በመገናኛቸው ኮላ ወይም ምስማር አለመኖሩን፣ እንጨቱም ከመሃል አለመሰንጠቁን ከሥር በኩል ካየ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። ይህን ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። የእንጨት ቼዝ መሰብሰብ ከጀመርሁ ወዲህ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የእርሳቸው ትምህርት ስለሆነ፣ መመሪያውንም ከዚያው እጀምራለሁ፦ ሣጥኑ ሲከፈት ንጉሡን አንሥተው ይገልብጡት።

ከሥሩ ብዙውን ጊዜ ክብ የሱፍ ጨርቅ ተለጥፎ ያገኛሉ። ጨርቁ ጠጠሩ፣ ማለትም የመጫወቻው ቅርጽ፣ ሰሌዳውን እንዳይቧጭር የተደረገ ቢሆንም፣ ከበስተጀርባው ለክብደት ሲባል የተቆፈረውንና እርሳስ ወይም ሌላ ብረት የተሞላበትን ጉድጓድ ይሸፍናል። የጨርቁን ዳር በጣትዎ ዳብሰው፣ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ወገቡ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይመርምሩ። ስንጥቁ የሚመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ያውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በዓመታዊ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከመሃል ወደ ውጭ ከሚሸበሸበው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በውስጡ ያለው ብረት ግን ስለማይሸበሸብ፣ በደንብ ሳይደርቅ የተቀረጸ ጠጠር በብረቱ ዙሪያ ሲጠብብ መሄጃ ያጣና ይሰነጠቃል። እኔ በነሐሴ፣ ዝናቡ ባየለበት ወር፣ ሳልገለብጥ የገዛሁት አንድ ሙሉ ቼዝ ነበረ። ጥር ሲገባ የነጩ ንጉሥ ከሥሩ እስከ አንገቱ ተተረተረ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ከግንቦቹ አንደኛው ተከተለው። የጅማን ክረምትና በጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ጉዳይ ቀላል አድርጎ ሊያየው አይገባም።

ክብደቱን ለመመዘን ሚዛን አያስፈልግም። ጠጠሩን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ራሱን በጣትዎ ገፋ በማድረግ ያዘንብሉትና ይልቀቁት፤ በደንብ የተሠራ ጠጠር ብዙ ካዘነበለ በኋላም ተመልሶ ይቆማል። ይህን በንጉሡ ብቻ ሳይሆን በጳጳሱም ይሞክሩት፤ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ቶሎ የሚወድቀው እርሱ ነውና።

ከሥሩ በኋላ ቅርጹን ወደ መመዘን እንሄዳለን። ዛሬ በውድድር የሚታየው የስታንተን ቅርጽ በናታንኤል ኩክ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1849 ሲሆን፣ አምርቶ ለገበያ ያቀረበው የለንደኑ የጄክስ ድርጅት ነው፤ መጠሪያ ስሙን ያገኘው ደግሞ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ከሆነው ከሃዋርድ ስታንተን ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ቅርጾች ረጃጅምና ቀጫጭን ስለነበሩ በቀላሉ ይወድቁ ነበር፤ አንዳንዶቹም እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ የማያውቃቸው ተጫዋች ንግሥቲቱን ከጳጳሱ ለመለየት ይቸገር ነበር። የስታንተን ቅርጽ የተወደደው ይህን ችግር ስለፈታ ነው፦ ሥሩ ሰፊ፣ ምልክቱም ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ንጉሡ በመስቀሉ፣ ንግሥቲቱ በዘውዷ፣ ጳጳሱ በተሰነጠቀ ቆቡ፣ ግንቡ በጫፉ ጥርሶች ይታወቃሉ።

ስለዚህ መጠኑን በማስመሪያ መለካት ይገባል። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዴ፣ የሚመክረው ቁመት ለንጉሥ 9.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለንግሥት 8.5፣ ለጳጳስ 7፣ ለፈረስ 6፣ ለግንብ 5.5፣ ለወታደር 5 ነው፤ የእያንዳንዱ ጠጠር ሥር ስፋትም ከቁመቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። የሰሌዳው አንድ ቤት ጎን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ማስመሪያ ያልያዘ ሰው አራት ወታደሮችን በአንድ ቤት ውስጥ በማቆም መፈተሽ ይችላል፤ አራቱ ያለመጨናነቅ ከገቡ ሰሌዳውና ጠጠሮቹ ይጣጣማሉ። ከእነዚህ ቁጥሮች ወይም ከስታንተን ቅርጽ ጥቂት የሚያፈነግጥ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 በዱብሮቭኒክ ከተማ ለተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ የተሠራው ቼዝ በጳጳሱ ላይ ስንጥቅም መስቀልም ሳያደርግ፣ ጫፉን በተቃራኒ ቀለም ብቻ በመለየት እጅግ ያማረ ሆኗል። ቁም ነገሩ ጠጠሮቹ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ እያሉ በአንድ ቤተሰብነት መታየታቸው ነው። ሰሌዳው ላይ ደርድረው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይራቁ፤ መስኮቱን ከጀርባቸው አድርገው ጥላቸውን ብቻ ሲመለከቱ ሁሉንም ለይተው ካወቁ ንድፉ ሥራውን ሠርቷል።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ፤ ሰብሳቢ ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ ሊሰጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ ጠጠሮች በአመዛኙ ቶርኖ ላይ እየዞሩ ሲቀረጹ፣ የፈረሱ ራስ በእጅ በመሮ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ ቶርኖ ላይ በወጣው ሥር ላይ ይተከላል። በዚህም የተነሣ የጠራቢው እጅና የባለቤቱ ትዕግሥት የሚለኩት በፈረሱ ነው፤ በሕንድ አምሪትሳር ከተማ በሚሠሩ ውድ ቼዞችም ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ቀረጻ ነው። መጀመሪያ ጋማውን ይዩ፦ ጸጉሩ ጥልቀት ባለው መሥመር ተለይቶ ወጥቷል ወይስ በላዩ ተጫጭሮ ቀርቷል? ቀጥሎ ከአገጩ በታች ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ መሮ ለማስገባት አስቸጋሪ ቦታ ስለሆነ ቸልተኛ ጠራቢ ደፍኖ ይተወዋል። ጆሮዎቹ ተሰብረው በኮላ አለመጠገናቸውን፣ ዓይኖቹም በሁለቱ ጎን በእኩል ከፍታ መቀመጣቸውን ያረጋግጡ። በመጨረሻም አራቱን ፈረሶች ጎን ለጎን ያቁሙ። በእጅ የተሠሩ እስከሆኑ ድረስ ጥቂት መለያየታቸው ውበት እንጂ ጉድለት አይደለም፤ አንገታቸው በተለያየ ማዕዘን ከታጠፈ ወይም አንደኛው ከሌሎቹ ደንድኖ ከታየ ግን፣ ከሌላ ስብስብ መጥቶ የተተካ ሊሆን ይችላልና ይጠርጥሩ።

ይህ መተካት በአሮጌ ቼዞች ላይ በብዛት ያጋጥማል። 32ቱ መሟላታቸውን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ስምንቱን ወታደሮች በአንድ መሥመር አቁሞ የአንገታቸውን ቀለበት ውፍረትና የቀለማቸውን ድምቀት ማነጻጸር ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ ብዙ የስታንተን ቼዞች ላይ፣ ከየቀለሙ በንጉሡ በኩል የሚቆሙት ፈረስና ግንብ ትንሽ የዘውድ ማኅተም አላቸው፤ ማኅተሙ በሌሎቹ ላይ እያለ ከአንዱ ብቻ ጎድሎ ካገኙት ያ ጠጠር ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት በሻጩ ቃል ብቻ መተማመን አይገባም። በልማዱ ነጩ ቦክስውድ ከሚባለው፣ ቀስ ብሎ ከሚያድግና ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ እንጨት ሲሠራ፣ ጥቁሩ ከዞጲ፣ ማለትም በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነው እንጨት፣ ይሠራል። ይሁን እንጂ ዞጲ ውድ በመሆኑ ብዙ አምራቾች ያንኑ ነጭ እንጨት ጥቁር ቀለም ይነክሩታል። ይህ በግልጽ ተነግሮ ከተሸጠ ነውር የለበትም። መለያው ቀላል ነው፦ የተነከረው ወጥ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ በተገጠበበት ቦታ ፈዛዛ እንጨት ይታያል፤ እውነተኛው ዞጲ ግን እስከ ውስጡ ጥቁር ነው፣ በብርሃንም ሲታይ ቀጫጭን የእንጨት መሥመሮች ይወጡበታል።

ለጅማ ሠራተኛ ለማዘዝ የሚያስብ ሰው ከዋንዛ እንዲርቅ እመክራለሁ። ዋንዛ ለበርጩማ የተሰጠ እንጨት ነው፤ ቀላልና ለመቅረጽ የሚመች ቢሆንም፣ የጳጳሱን ቀጭን አንገትና የፈረሱን ጆሮ ለመሸከም ይለሰልሳል። ለጥቁሩ ወገን ጠንካራና ከባድ የሆነው የወይራ እምብርት ይሻላል፤ ለነጩ ወገን ደግሞ ሰው ሁሉ ለማገዶ የሚሰጠውን የቡና እንጨት ይሞክሩ። ያረጁ የቡና ዛፎች ሲጎነደሉ የሚወጣው ግንድ ቀጭን ቢሆንም ለቼዝ ጠጠር ይበቃል፤ ደቃቅ ሥሪት ያለውና ፈዛዛ ስለሆነም ከወይራው ጋር በደንብ ይለያል። ብቻ እንዲደርቅ ጊዜ ይስጡት፦ የተለመደው ስሌት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ ሥር ማቆየት ስለሆነ፣ የንጉሡን ሥር የሚያህል እንጨት አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሠራተኛው በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ ካለዎት እንጨቱ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተቆረጠ ይጠይቁት።

ከዛሬው ቼዝ በፊት በአገራችን ይታወቅ የነበረው የቼዝ ዓይነት ጨዋታ፣ ሰንጠረዥ፣ ለሰብሳቢ የራሱ ክብር አለው። ሰሌዳው ነጭና ጥቁር ቤት የሌለው፣ በመሥመር ብቻ የተከፋፈለ ጨርቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ገዥ የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ የተመለከተው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትላልቅና ሻካራ እንደነበሩ ጽፏል። ዛሬ የዝሆን ጥርስ ቼዝ ቢቀርብልዎ አይግዙ፤ የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1989 በተወሰነ ውሳኔ ነው። የሰንጠረዥን ቅርጽ ከወይራ አስቀርጾ ማኖር ግን ይቻላል፤ እኔም እያስቀረጽሁ ነው።

የገዙትን ከምድጃና ከመስኮት ፀሐይ ያርቁ። በክረምት ሣጥኑን በሳምንት አንድ ቀን ከፍተው ያናፍሱት፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከሱፍ ጨርቁ ስለሆነ ጠጠሮቹን በጎናቸው አስተኝተው ያስቀምጡ። ለማወዛት የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ ይበላሽና ይሸታል። ንጹሕ የንብ ሰም በለስላሳ ጨርቅ በጣም በስሱ ቀብተው፣ ካደረ በኋላ እስኪሞቅ ድረስ ይወልውሉት፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ይበቃዋል።