ድሬ ላይ ኮሙኒኬሽን ማስተማር ለምትፈልጉ

አቦ፣ ጆርናሊዝም ተመርቃችሁ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ትችላላችሁ። ዲግሪው ብቻ ግን አያስገባም።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ እንጨርሰው። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠረው ግራጁዌት አሲስታንት (ጀማሪ ረዳት መምህር) ነው፤ ቦታው ጥቂት፣ የሚፈለገው ነጥብ ደግሞ ከፍ ያለ። ሌክቸረር ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል፣ ለማስተርስ ደግሞ ጋት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ማለፍ። ከዚያ በላይ ያለው ማዕረግ የፒኤችዲና የኅትመት ነገር ነው። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችን ማስታወቂያ ተከታተሉ።

እስከዚያው ሚዲያ ወይም ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ሥሩ። የድሬዳዋ ብዙኃን መገናኛ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ነው የሚሠራው። አንድን ዜና በሦስት ቋንቋ ሲወጣ ያየ ሰው ክፍል ውስጥ የሚያወራው አያጣም።

ትልቁ ፈተና ለመቀጠር ገምጋሚዎች ፊት የምታቀርቡት የማሳያ ትምህርት ነው። አብዛኛው አመልካች ስላይድ ከፍቶ «ኮሙኒኬሽን ማለት…» ብሎ ትርጉም ማንበብ ይጀምራል፣ ገምጋሚዎቹም እዚያው ያንቀላፋሉ። እናንተ አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ የዜና መግቢያ አጻጻፍ። ስለ ውኃ መስመር ጥገና የሚያወራ፣ ኃላፊው ማንን እንዳመሰገኑ በመዘርዘር የሚጀምር መግለጫ ራሳችሁ ጻፉና ለገምጋሚዎቹ አድሉ። ከዚያ ጠይቁ፦ ሳቢያን ሰፈር ያለች እናት መጀመሪያ መስማት የምትፈልገው የትኛውን ነው? ውኃው መቼ እንደሚመጣ ነዋ! እሱን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር መግለጫው መጨረሻ ላይ ተቀብሮ ይገኛል። አውጥተው ራሳቸው እንዲጽፉት አድርጉ። እናንተ ትንሽ አውሩ።

ስትቀጠሩ ደግሞ ይህን ያዙ። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ተማሪ ግን ገብቶት እንኳ አፉን አይፈታም። ቀፊራ ገበያ ላኩት፣ ነጋዴዋን በሚችለው ቋንቋ ያነጋግር፣ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ያምጣ። ብቻ ጠዋት ይሁን! ከምሳ በኋላ ሙቀቱ አለ፣ ከተማውም በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፤ ማንም ቃለ መጠይቅ አይሰጥም። እርማቱ እንዳያሰጥማችሁ በቡድን አሠሯቸው፣ ለእያንዳንዱ ቡድንም ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉለት። ሁሉን በቀይ የሞላ ወረቀት ማንም አያነበውም።

የግል ኮሌጆች በሰዓት እየከፈሉ መምህር ያሠራሉ፣ ለልምድ ጥሩ ነው። ክፍያው ስንት እንደሆነና የፈተና እርማት ይታሰብ እንደሆነ ግን ክፍል ሳትገቡ በጽሑፍ ተቀበሉ።