የባሕር ዳርቻ ቤት በተፈጥሮና በአሮጌ ቁሳቁስ ሲነድፉ ሊርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳርቻ ቤት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው እንጨቱ ወይም ድንጋዩ አይደለም፤ ምስማሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ለሚያምረው ጣውላ ገንዘብ አፍስሶ ለማያያዣው መሰሰት ነው። ጨው ያዘለ አየር ተራ ምስማርን ቶሎ ይበላዋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ዙሪያውን ያለውን እንጨት እየገፋ ይሰነጥቀዋል። አይዝጌ ብረትም ሁሉ አንድ አይደለም። ለወጥ ቤት ዕቃ የተለመደው 304 የተባለው ዓይነት የባሕር አየር ሲነካው ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተባለ ብረት የተቀላቀለበት 316 ግን ጨውን በተሻለ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ፦ ብረት ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ዝናብ በሚመታው በኩል ሳይሆን ከጣሪያ ሥር በተከለለው በኩል ነው። ዝናቡ ጨውን አጥቦ ይወስዳል፤ በተከለለው ቦታ ግን ጨው በጨው ላይ ይደራረባል። እዚያ ያሉትን ብሎኖች ባለቤቱ ራሱ በንጹሕ ውኃ ካላጠባቸው የሚያጥባቸው የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው «አሸዋ ደጃፌ ላይ እያለ ለምን እገዛለሁ?» የሚለው ሒሳብ ነው። ባልታጠበ የባሕር አሸዋ ውስጥ ያለው የጨው ክሎራይድ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ፌሮ ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ፌሮው ዝጎ ሲያብጥ ኮንክሪቱ ከውስጥ ይፈነዳል። ሮማውያን በባሕር ውኃ ያቦኩት የወደብ ግንባታ 2000 ዓመት ቆሟል ብለው የሚከራከሩ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሮማውያኑ ድብልቅ ኖራና የእሳተ ገሞራ አመድ ነበር፤ በውስጡ የሚዝግ ፌሮ አልነበረም። ደግሞም ከዳርቻው የሚዛቀው አሸዋ ቤቱን ከማዕበል የሚከልለው ራሱ ነው። ባሕሩ በደንብ ይታየኝ ብሎ ከፊት ያለውን የአሸዋ ጉብታ መደልደልም ከዚህ አይለይም።

አሮጌ ዕቃን በመልኩ መምረጥ ሦስተኛው ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱን የሚሠሩት በቅን ልቡና የተነሱት ናቸው። ማዕበል የተፋውን ግንድ እንመልከት። ከላይ ሲያዩት የመርፌ ራስ የምታህል ቀዳዳ ብቻ አለችው፤ በመጋዝ ሲቆርጡት ግን ውስጡ ጣት በሚያስገቡ ቱቦዎች ተቦርቡሮ ይገኛል። ይህ ቴሬዶ የተባለች፣ ትል የምትመስል ግን ከዛጎል ለባሾች ወገን የሆነች ፍጡር ሥራ ነው። በ1730ዎቹ በሆላንድ የባሕር ግድቦች ላይ የነበረውን እንጨት የጨረሰችውም እሷ ናት። ስለዚህ ለምሰሶ የታሰበ ግንድ ሁለቱም ጫፎቹ ተቆርጠው ሳይታዩ አይታመንም። ጤነኛው እንኳን የጠጣው ጨው እርጥበት እየሳበ ምስማሩን ያዝገዋል። አሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት እንጨት እንዳይበሰብስ በሚቀባው ክሪዮሶት በተባለ መርዛማ ፈሳሽ የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ወደ መኖሪያ ክፍል አይግባ። አሮጌ የሲሚንቶ ክዳንም አስቤስቶስ የተባለው፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን እንደሌለበት ሳይመረመር አይቆረጥ። አሮጌ የጭነት ኮንቴነር ለቤት የሚመርጡ ደግሞ ሸንተረራማው ግድግዳ ጥንካሬውን እንደሚሰጠው ያስታውሱ፤ ሰፊ መስኮት ከፍቶ ዙሪያውን በብረት አለማጠናከር ጣሪያውን ያጎብጠዋል።

ነፋስን ሳያውቁ መንደፍ ሌላው ነው። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በካሊፎርኒያ ዳርቻ በሚገኘው ሲ ራንች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የእንጨት ቤቶች ጣሪያቸው ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ነው፤ ከግድግዳው ወጣ ያለ ጠርዝም የላቸውም። ነፋሱ ከሥር ገብቶ የሚያነሳው ነገር አያገኝም ማለት ነው። ነገር ግን ይህንኑ ንድፍ ዝናብ በሚበዛበት ዳርቻ በጭቃ ግድግዳ ላይ የገለበጠ ሰው ግድግዳውን ያጣል፤ ጭቃ ሰፊ ጠርዝ ይፈልጋል። ነፋስንና ዝናብን ማስታረቂያው የበረንዳውን ጣሪያ ከዋናው ጣሪያ ለይቶ መሥራት ነው፤ አውሎ ነፋስ ቢነቅለው ብቻውን ይሄዳል።

የመጨረሻው «የተፈጥሮ ስለሆነ ራሱን ይችላል» ማለት ነው። በዴንማርክ የሌሶ ደሴት ሰዎች ጣሪያቸውን በወፍራም የባሕር ሣር ይከድኑ ነበር፤ ጨው የጠጣው ሣር መበስበስን ስለሚቋቋም ከ100 ዓመት በላይ የቆዩ ጣሪያዎች አሉ። በአንጻሩ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለችው የሱዳን የወደብ ከተማ ሱዋኪን የኮራል ድንጋይ ቤቶቿ ነዋሪዎቹ ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄዱ ጠጋኝ አጥተው ፈራረሱ። ስለዚህ በንድፉ ላይ ጥገናን አብረው ይሳሉ፦ ብሎኖች ተደብቀው አይቀበሩ፤ የግድግዳው የታችኛው ጣውላ ሌላውን ሳይነካ ለብቻው የሚፈታ ይሁን፤ ከሁሉ በፊት እርጥበት የሚያገኘው እሱ ነውና።