በአነስተኛ አውሮፕላን አነሳስ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ የተጠቀሱት ቁጥሮች በማሠልጠኛነት በብዛት የሚታወቀው የሴስና 172ኤስ ናቸው። አውሮፕላንዎ ሌላ ከሆነ የራሱን የአብራሪ መመሪያ ይክፈቱ።

ሙቀትንና ከፍታን ሳያሰሉ መነሳት

የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ለስሌት የሚያዘው መደበኛ የአየር ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከፍታው ላይ 120 ጫማ ይደመራል። ቀኑ 25 ዲግሪ ከሆነ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ 10,600 ጫማ ላይ እንዳለ ይሆናል ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ ሲሶ ያህሉ ገና ሳይነሱ ጠፍቷል። በባሕር ጠለል በ960 ጫማ የሚያልቀው መንደርደር እዚህ እጥፍ ገደማ ይፈልጋል።

ቦሌ ላይ መንደርደሪያው ከ3.5 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ርዝመቱ አያሳስብም፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተነሱ በኋላ መውጣት ላይ ነው። በዚህ ስስ አየር የፍጥነት ጠቋሚው 55 ኖት (በሰዓት 102 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲያሳይ፣ ነፋስ ከሌለ መሬቱ በ65 ኖት ገደማ ይሸሻል። ዓይኑን ያመነ አብራሪ «በቂ ፍጥነት አለኝ» ብሎ መሪውን ቀድሞ ይስባል። አውሮፕላኑም ይነሳል፤ ከመሬት እስከ አንድ የክንፍ ርዝመት (11 ሜትር) ድረስ መሬቱ ራሱ ይደግፈዋልና። ከዚያ በላይ ግን አልወጣም ይላል። አፍንጫውን የበለጠ ማንሳት ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ማቆሙን) ያመጣል። ፍጥነቱን ከጠቋሚው ብቻ ያንብቡ፤ ከተነሱም በኋላ ዝቅ ብለው ፍጥነት እስኪጠራቀም ይታገሱ።

ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻው ገፍቶ መተው

ሚክስቸር ነዳጅና አየር የሚመጣጠኑበት ቀይ እጀታ ነው፤ ሙሉ ገፍቶ መተው ዝቅተኛ ቦታ የሠለጠነ ሰው ልማድ ነው። ከ3,000 ጫማ በላይ በሆነ ሜዳ ግን ነዳጁ ከአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይታፈናል። አውሮፕላኑን በፍሬን ይዘው፣ ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መስጫ) ሙሉ ሰጥተው፣ ቀዩን እጀታ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ የሞተሩ ዙር ከፍተኛ የሚሆንበት ቦታ ትክክለኛው ነው።

አራት መቀመጫ አለ ብሎ አራት ሰው መጫን

ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 1,157 ኪሎ ነው። ባዶው አውሮፕላን እንደ ዕቃው ቢለያይም 760 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ሙሉ ነዳጅ 144 ኪሎ፣ አራት ባለ 80 ኪሎ ሰዎች 320። ድምሩ 1,224 ይመጣል፣ ሻንጣ ሳይቆጠር። ወይ ነዳጅ ይቀንሳል ወይ ሰው ይወርዳል። ከኋላ የተከመረ ጭነት ደግሞ የክብደቱን መሃል ወደ ጭራ ይገፋና አፍንጫው ራሱ ሽቅብ ይሄዳል፤ መሪውን ቢገፉም የማይመለስበት ጊዜ አለ። ነሐሴ 2001 (እ.ኤ.አ.) ዘፋኟን አሊያን ጨምሮ 9 ሰዎች ባሃማስ ውስጥ ያለቁበት ሴስና 402 ከመጠን በላይ የተጫነ ነበር፤ የክብደቱ መሃልም ከተፈቀደው ወሰን ወደ ኋላ አልፎ ነበር።

ቼክሊስቱን በቃል መጨረስ

የመሪው መቆለፊያ ሳይወጣ የተንደረደሩ አሉ። መሪውን በአራቱም አቅጣጫ እስከ ጥግ ያንቀሳቅሱ፣ ክንፉንም በዓይን ይዩ። ወንበሩ በሐዲዱ ላይ መቆለፉን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ይሞክሩ፤ አፍንጫው ሲነሳ ወንበሩ ከተንሸራተተ እጅዎ መሪውን ይዞ አብሮ ይሳባል። ከሁሉም የነዳጅ መፈተሻ ቀዳዳዎች (13 ናቸው) ይቅዱ፤ ውሃ ካለ ከሰማያዊው ነዳጅ ሥር ይዘቅጣል። ማግኔቶ (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው መሣሪያ፤ ሁለት ናቸው) በደቂቃ በ1,800 ዙር ሲፈተሽ ዙሩ ከ150 በላይ መውረድ የለበትም፤ በሁለቱ ማግኔቶዎች መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 አይለፍ።

ሳይሆን እየታየ መቀጠል

መንደርደሪያው ሲጋመስ የመነሻው ፍጥነት (55 ኖት) 70 በመቶ፣ ማለትም 39 ኖት ገደማ ካልደረሰ ስሮትሉን ይዝጉና ይቁሙ። መሃሉን የሚያመለክት ምልክት አስቀድመው ይምረጡ። ነፋስ ከኋላ ከሆነ በየ2 ኖቱ ርቀቱ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ደረቅ ሣር የመንደርደሩን ርቀት በ15 በመቶ ያስረዝማል። (ከትልቅ ጄት ኋላ የሚነሱ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ክንፎቹ የተዉት የአየር አዙሪት ይበተን።)

ሞተር ሲጠፋ ወደ ኋላ መዞር

ገዳዩ ስህተት ይኸው ነው። 300 ጫማ ላይ ሞተሩ ዝም ሲል መንደርደሪያው ከኋላ ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን ወደ መስመሩ ለመመለስ ከ210 ዲግሪ በላይ መዞር፣ ከዚያም መልሶ ማቃናት ያስፈልጋል። ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) ሳይወርድ 48 ኖት ላይ የሚመጣው ስቶል፣ 45 ዲግሪ ሲጋደሙ 57 ላይ፣ 60 ዲግሪ ሲጋደሙ 68 ላይ ይመጣል። ያለ ሞተር የሚንሸራተቱበት ፍጥነት ራሱ 70 ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አፍንጫውን ወዲያው ዝቅ ያድርጉ፤ 70 ኖትን ይያዙ። ከፊት ለፊት፣ በግራና በቀኝ 30 ዲግሪ ውስጥ ያለውን የተሻለ ቦታ ይምረጡ፤ የታረሰ ማሳም ቢሆን። ጊዜ ካለ ነዳጁን ይዝጉ፣ ፍላፕ ያውርዱ፣ ማስተር ስዊቹን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ያጥፉ፣ መሬት ከመንካትዎ በፊት በሩን ይክፈቱ። ከየትኛው ከፍታ በታች ጨርሶ እንደማይዞሩ ደግሞ መንደርደሪያው ላይ ቆመው፣ ስሮትሉን ሳይገፉ፣ ድምፅ አውጥተው ይናገሩት።