የሽያጩና የባንኩ ብር አልገናኝ ሲላችሁ

ደብረ ማርቆስ ላይ የእህቴን የግንባታ ዕቃ ሱቅ ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶ እንሸጣለን። ጤፍ ተወቅቶ ገበሬው እጅ ብር ሲገባ፣ ከጎዛምን ቆርቆሮ ፍለጋ የሚመጣው ሰው ፋታ አይሰጥም። ሂሳብ የሚዘባረቀውም ያኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ ላሳያችሁ። የሽያጭ ማሽኑ ማታ ያወጣው ዜድ ሪፖርት (የዕለቱ ሽያጭ ድምር) 38,450 ብር ይላል። ሰኞ ባንክ የገባው 31,200 ነው። 7,250 ብር የት ሄደ? ቁጭ ብዬ ፈለግኩት። 4,000 በቴሌብር ተከፍሎ ገና ወደ ባንክ አልተላለፈም። 2,500 ዱቤ ነው። 300 ለጫኝና አውራጅ ከመሳቢያው ተነስቷል። 450 ለመልስ ተብሎ ቀርቷል። ሞላ።

እንዲህ እያንዳንዱ ልዩነት ስም ይውጣለት። ስም ያጣውን ብር «ሌላ ወጪ» ብላችሁ አትዝጉት፣ እባካችሁ።

የጫኙን 300 ግን ከሽያጩ ባናነሳ ይሻል ነበር። ለጥቃቅን ወጪ ለብቻው ብር መድቡ፤ የዕለቱን ጥሬ ብር ሳትነኩ አስገቡ። የሁለት ቀን ሽያጭም አትደርቡ። የእያንዳንዱን ቀን ዜድ ከባንክ ስሊፑ ጋር አያይዙት። ዱቤ የከፈለ ሰው ሲመጣ ደግሞ ብሩን የዛሬ ሽያጭ አታድርጉት፤ ሽያጩ ቀድሞ ተመዝግቧል፤ ከዱቤ ደብተሩ ላይ ብቻ ይሰረዝ።

ቫት የምትሰበስቡ ከሆነ ባንክ የሚገባው ብር 15 በመቶውን ጨምሮ ነው። ከቫት በፊት ያለውን ሽያጭ ከባንኩ ጋር ብታነጻጽሩ መቼም አይገናኝላችሁም። ቀኑንም ተጠንቀቁ። ሰኔ 30 ተሸጦ ሐምሌ 1 ባንክ የገባ ብር የአሮጌው በጀት ዓመት ሽያጭ ነው።

አንዴ 180 ብር ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ደከምኩ። በመጨረሻ ልዩነቱን ለ9 አካፈልኩት፤ ያለ ቀሪ 20 ወጣ። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጧል ማለት ነው። ስሊፑን ባየው 27,640፤ የኔ ደብተር 27,460። መደመሩን ደግማችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የእቁቡ ነገር ነው። እህቴ 60,000 ብር እቁብ ወጣላትና በሱቁ አካውንት አስገባችው። እኔ ሳልጠይቃት ሽያጭ ብዬ መዘገብኩት። ዓመቱ ሲዘጋ ባንኩን ከዜዶቹ ጋር ሳመሳክር ነው የነቃሁት። ባላመሳክር ኖሮ ባልሸጥነው ዕቃ ግብር ልንከፍል ነበር። ከወንድም የተላከ፣ ከዘመድ የተበደራችሁት ብርም ያው ነው፤ ባንክ ስለገባ ሽያጭ አይሆንም። የሚሻለው የሱቁን አካውንት ከቤቱ መለየት ነው። ካልሆነላችሁ ግን ባንክ ቤት ቆማችሁ፣ ስሊፑ እጃችሁ ላይ እያለ፣ ጀርባው ላይ «እቁብ» ወይም «ብድር» ብላችሁ ጻፉበት። ቤት ስትደርሱ ትረሱታላችሁ።