የእጅ ባንዱ እንቅልፍዎን አልመዘግብ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደብረ ማርቆስ ባለችው ጠባብ የጥገና ክፍሌ፣ ስልክ ብቻ ይዞ ይመጣ የነበረው ደንበኛ ዛሬ ዛሬ የእጅ ባንድና ስማርት ሰዓትም ይዞ ይመጣል። ቅሬታውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «እርምጃዬን ይቆጥራል፣ የልብ ምቴንም ያሳያል፤ እንቅልፌን ግን አይመዘግብም፣ ቢመዘግብም ይዋሻል።» ባትሪው መሙላቱን፣ ብሉቱዙ መከፈቱንና ባንዱ ስልኩ ላይ ከተጫነው የራሱ አፕ ጋር መገናኘቱን አንባቢ አስቀድሞ እንዳረጋገጠ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

አስቀድሞ ግን መሣሪያው እንቅልፍን ራሱን እንደማያይ መታወቅ አለበት። ሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ ራስና ፊት ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን ሞገድ፣ የዓይንን እንቅስቃሴና የጡንቻን ሁኔታ ያነባል፤ ባንድ ከዚህ አንዱም የለውም። ያለው የእጅን እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰርና ከጀርባው የሚበራ አረንጓዴ መብራት ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚመጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ የሚመለሰው ብርሃን ከፍና ዝቅ ይላል፤ ባንዱም በዚያ ምቱን ይቆጥራል። እጅ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ሲልና ምቱ ሲወርድ፣ ሰዓቱም ሌሊት ሲሆን፣ «ይህ ሰው ተኝቷል» ብሎ ይገምታል። «ሰዓቱም ሌሊት ሲሆን» የምትለዋን ሐረግ ያዙልኝ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ባንዶች የሚበዙት የሚታመሙት በእሷ ነው።

ምልክት፦ እንቅልፍ ጭራሽ አይመዘገብም፣ ወይም በማይተኙበት ሰዓት ተኝተዋል ይላል

መንስኤው ባንዱ ሳይሆን የስልኩ ሰዓት ነው። ባንድ የራሱ የሆነ ሰዓት የለውም ቢባል ያስኬዳል፤ ከስልኩ ጋር በተናበበ ቁጥር ስልኩ የሚለውን ይቀበላል። እኛ ደግሞ ቀኑን ከጎህ ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች ስለሆንን፣ ብዙ ሰው ስልኩን እንደገዛ አውቶማቲክ ሰዓቱን አጥፍቶ በእጁ ወደ አበሻ ሰዓት ይመልሰዋል። ጠዋት በ3 ሰዓት ስልኩ 9፡00 ሲለው ወደ 3፡00 ይለውጠዋል፤ ለዓይኑ ትክክል ነው፤ ለባንዱ ግን ቀኑና ሌሊቱ በስድስት ሰዓት ተዛባ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጋደም ሲል ባንዱ ከቀትር በኋላ 15፡00 ነው ብሎ ያምናል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲነሣ ደግሞ እኩለ ሌሊት ይመስለዋል። ብዙዎቹ ርካሽ ባንዶች የሌሊት እንቅልፍን የሚፈልጉት ከምሽት እስከ ረፋድ ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ እንቅልፍ ወይ ይጥሉታል፣ ወይ የቀን ሸለብታ ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል።

በዚህ ረገድ ከአእምሮዬ የማይጠፉት አንድ መሪጌታ ናቸው። ባንዱን የላከችላቸው ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ስትሆን፣ አፑንም በራሷ አካውንት ከፍታ የአባቷን እንቅልፍ ከሩቅ ትከታተል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየችው ዜሮ ነበር። አባቷ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው እንደሚያድሩ እርግጠኛ ሆና በየማታው እየደወለች ታለቅስ ጀመር። እሳቸው ባንዱን በመሐረብ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና፣ «ልጄ፣ እኔስ እተኛለሁ፤ ይህ ነገር ግን አላምንህም አለኝ» አሉኝ። በመስኮት የረፋድ ፀሐይ ገብቶ የመበየጃዬን ብረት ያሞቀዋል፤ የስልካቸው ሰዓት ግን 04፡10 ይል ነበር። መቼ ተኝተው መቼ እንደሚነሡ ጠየቅኋቸው። ማታ በ2 ሰዓት ተኝተው ሌሊት በ9 ለሰዓታት ጸሎት ይነሣሉ። ሲሰላ፣ በባንዱ አቆጣጠር ከ14፡00 እስከ 21፡00 ተኝተው፣ ልክ ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ተነሥተው እስኪነጋ የሚንጎራደዱ ሰው ሆነዋል። ባንዱ አልዋሸም፤ የተነገረውን ሰዓት አምኖ ነው የፈረደባቸው። ሰዓቱን በመለስን በማግስቱ ከስድስት ሰዓት በላይ እንቅልፍ ተመዘገበላቸው።

ሌላው መልክ የሰዓት ቀጠናውን መለወጥ ነው። አውቶማቲኩን ማጥፋት የማይወድ ሰው ቀጠናውን ወደ ቶኪዮ ያደርገዋል፤ ጂኤምቲ ከሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት ቶኪዮ በ9 ሰዓት (ጂኤምቲ+9)፣ እኛ በ3 ሰዓት (ጂኤምቲ+3) ስለምንቀድም ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነውና ስልኩ በአሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር የእኛን ሰዓት ያሳያል። ብልሃት ነው፤ ግን ባንዱን ጃፓን ይወስደዋል። ከፍኖተ ሰላም የመጣች አንዲት ነርስ በዚህ ምክንያት አፑ በየቀኑ «ከሌሊቱ 4፡00 ላይ መተኛት ለጤናዎ አይበጅም» እያለ ሲገሥጻት ከርሟል። እሷ የምትተኛው በአራት ሰዓት ማታ ነው! ይባስ ብሎ ከእኔ በፊት የወሰደችው ጥገና ቤት ባትሪውን ለውጦላት ነበር። ምንም ያልሆነ ባትሪ! ክዳኑ ሲከፈት ውሃ እንዳይገባ የሚይዘው ማሸጊያ ስለሚላቀቅና መልሶ ያሸገው ስላልነበረ፣ ልብስ ስታጥብ ውሃ ገብቶ ስክሪኑ ግማሹ ጠፍቶ መጣ። ሰዓት ሳያዩ ካቻቪቴ የሚያነሡ ባለሙያዎች እስካሉ ድረስ፣ ደንበኛው ራሱ ክዳን ከመከፈቱ በፊት «ሰዓቱን አይተኸዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መፍትሄው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ከፍተው አውቶማቲኩን ያብሩ፤ ቀጠናው አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ፣ ማለትም ጂኤምቲ+3 መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ አፑን ከፍተው ገጹን ወደ ታች በመሳብ ያናብቡ፤ የባንዱ ስክሪን ከስልኩ ጋር አንድ ዓይነት ሰዓት ማሳየቱን በዓይንዎ ሳያዩ አይተዉት፤ አልቀበል ካለ ባንዱን አጥፍተው ያብሩት። የአበሻ ሰዓት ሳያዩ መኖር ለማይሆንላችሁ፣ በስልኩ የዓለም ሰዓት ዝርዝር ላይ ቶኪዮን እንደ ሁለተኛ ሰዓት ጨምሩና በፊት ገጹ ላይ አውጡት፤ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ብትጭኑም ያው ነው። ዋናው የስልኩ ሰዓት እንዳይነካ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው በእኔ ጥፋት የተማርኩት ነው፤ ሰዓቱ ሲመለስ የቀድሞዎቹ ደወሎች አብረው አይመለሱም። አንድ ነጋዴ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥቶ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሊሳፈር ደወሉን ሞልቶ ነበር፤ በስልኩ የቀድሞ አቆጣጠር ይህ 23፡00 ነው። ሰዓቱን አስተካክዬ ሸኘሁት፤ ደወሉ ማታ በ5 ሰዓት ቤተሰቡን ሁሉ ቀስቅሶ፣ ሌሊት ሲፈለግ ዝም አለ። አውቶቡሱ አመለጠው፤ በማግስቱ የመጣው ባንዱን ሊያሳየኝ አልነበረም። ሁለተኛው፣ ያለፉት ሌሊቶች መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሶ አይታረምም፤ ሰዓቱ በተለወጠበት ቀን ያለው መዝገብም የተምታታ ስለሚሆን ከሁለትና ሦስት ሌሊት በፊት አይፍረዱ። ሦስተኛው፣ ያልተናበበ መረጃ ባንዱ ውስጥ ነው ያለው፤ ተናድደው ባንዱን ከአፑ ቢያላቅቁት ወይም ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመልሱት አብሮ ይጠፋል።

የዘመን አቆጣጠሩም የዚሁ ዘመድ ነው። አፑ የልደት ዓመት ሲጠይቅ በ1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 1985 ብሎ ከሞላ፣ አፑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አስረጅቶት የልብ ምት ስሌቱን በዚያ ያደርጋል። የስልኩን ዓመት ራሱን ወደ እኛ አቆጣጠር የመለሰ ሰው ደግሞ አፑ ጭራሽ ኢንተርኔት ላይ አልገባ ይለዋል።

ምልክት፦ ሳይተኙ ተኝተዋል ይላል

ቡሬ ከተማ የእህል መጋዘን የሚጠብቁ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጋሉ። ባንዱ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ጻፈላቸው። ቀን ቤታቸው ገብተው በእውነት ሲተኙ ደግሞ አንድም አልጻፈም። አሠሪያቸው ይህን አይቶ ሊያባርራቸው ነው ብለው ሲሰጉ፣ «ጋሼ፣ ይህ ባንድ ዝም ብሎ መቀመጥንና መተኛትን አይለይም» የሚል ቃል በጽሑፍ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ። ብልሽት አይደለም፤ ከእጅ እንቅስቃሴ የሚነሣ ግምት ሁሉ ጸጥ ብሎ መንቃትን እንቅልፍ አድርጎ የመቁጠር ዝንባሌ አለው። ዳዊት ሲደግም የሚያመሽ ሰውም ይህ ያጋጥመዋል። የሌሊት ሠራተኛ ባንዱን በሥራ ላይ ቢያወልቀውና ሊተኛ ሲል ቢያስረው፣ አፑ በእጅ መሙላት ከፈቀደም የቀን እንቅልፉን ራሱ ቢሞላ ይሻላል። ጥልቅ እንቅልፍና የሕልም እንቅልፍ እያለ በደቂቃ የሚከፋፍለውን ከዚህም በላይ በጥርጣሬ ይዩት።

ምልክት፦ የሌሊቱ የልብ ምት መስመር ይቆራረጣል

ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይም ባንዱ የአንጓ አጥንት ላይ ተቀምጧል። ከአጥንቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርን ከፍ አድርገው፣ ሳይንሸራተት ግን ቆዳ ላይ ምልክት ሳይተው ይሰሩት። በሹራብ እጅጌ ላይ አስረው የሚመጡ አሉ፤ ሴንሰሩ ሱፍ አይመረምርም። እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባለ ብርዳማ ደጋ ደግሞ ሌሊት ከብርድ ልብስ ውጭ ያደረ እጅ ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮቹ ስለሚጠብቡ መብራቱ የሚያነበው ያጣል፤ እጁን ልብሱ ውስጥ ማስገባት በቂ ነው። እጃቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ባንዱን ንቅሳት በሌለበት እጅ ይሰሩት፤ ቀለሙ ብርሃኑን ይመጥጠዋል። ቅቤና ቅባት የጠጣ ሴንሰር በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ።

ምልክት፦ በየቀኑ ፍጹም የሆነ፣ ተመሳሳይ ውጤት

ይህ መሣሪያ ሳይሆን መጫወቻ ነው። በገበያ ላይ ስሙንና መልኩን ከታወቀ ባንድ የሰረቁ፣ ከጀርባቸው አረንጓዴ መብራት ብቻ ተሰክቶ ቁጥሩን ከራሳቸው የሚያወጡ ብዙ ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ባንዱን ለአንድ ሌሊት ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ያቁሙት፣ መብራቱ አየር ላይ እንጂ ምንም ነገር ላይ አይረፍ። ጠዋት «ሰባት ሰዓት ተኝተዋል፣ ጥልቅ እንቅልፍዎ ጥሩ ነው» ካለዎት ጠረጴዛው ተኝቷል ማለት ነውና ገንዘብዎን ያስመልሱ። ጥገና የለውም፤ እኔ ጋር አያምጡት። ይህን ዓይነቱን ዕቃ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ በእናቶች ላይ የሚጭን ነጋዴ ምን ብሎ እንደሚያድር አይገባኝም።

ቀሪዎቹ አልፎ አልፎ የሚመጡ ናቸው። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ አፑን ከጀርባ ከዘጋው መረጃው የጠፋ ቢመስልም ባንዱ ውስጥ አለና፣ ጠዋት አፑን ከፍተው ያናብቡ። የደም ኦክስጅን ቁጥር ደጋ ላይ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢታይ ከከፍታው ነው፤ ነገር ግን እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆም ሰው ባንዱ ምንም ቢል ሐኪም ጋር ይሂድ። ቻርጅ አልይዝ ካለ በሁለቱ የብረት ነጥቦች ላይ የደረቀውን ላብና ሳሙና በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ አልኮል ስል የፋርማሲውን እንጂ አረቄውን አይደለም፣ ይህን የምጽፈው ስለሞከሩት ነው።

ስክሪኑ ከአቃፊው ቀና ቀና ማለት ከጀመረ ግን ባትሪው አብጧል። ወዲያው ያውልቁት። ቻርጅ አያድርጉት፣ ተጭነው ወደ ቦታው ለመመለስ አይሞክሩ፣ በመርፌ አይውጉት፣ ከትራስ ሥር አያሳድሩት፣ ለልጅ መጫወቻ አይስጡት። ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ሸክላ ወይም ብረት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት።